ግሪኩ የሚደፋው ዱቄት

ግሪኩ ወፍጮ ሲወቅር መጀመሪያ ሞተሩን ያጠፋል። ቀጥሎ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያያይዘውን ቺንጋ በግራ እጁ ገፍቶ ከመዘውሩ ላይ ያወርድና ምስማር ላይ ይሰቅለዋል። እህል የሚፈስበትን የእንጨት ሣጥን አንሥቶ ግድግዳ ያስደግፋል። ከዚያ ዲጂኖውን ከላይኛው ድንጋይ ሥር ሰክቶ ይጫናል፤ ድንጋዩ ትንሽ ከፍ ሲል በእግሩ ሽብልቅ ይወትፍበታል። እንደገና ይጫናል፣ እንደገና ይወትፋል። ድንጋዩ በጎኑ ሲቆም በሁለት ክንዱ እቅፍ አድርጎ፣ እንደ ሰከረ ዘመድ፣ ቀስ ብሎ በጀርባው ያስተኛዋል።

ቀጥሎ መጥረጊያ ያነሣል። በድንጋዩ ቦዮች ውስጥ የተጋገረውን አሮጌ ዱቄት ጠርጎ ያወጣል። ቀይ አፈር በውሃ ይበጠብጥና የአንድ ቀጥ ያለ ጣውላ ጠርዝ ቀብቶ በድንጋዩ ፊት ላይ ያንሸራትተዋል። ቀይ የነካው ያበጠው ነው፤ ቀይ ያልነካው የጎደጎደው ነው። መዶሻውን የሚያነሣው ይህን ካየ በኋላ ነው። በሁለት በኩል የተሳለ መዶሻ ነው፤ ክንዱን ሳይሆን የእጁን አንጓ ብቻ እያንቀሳቀሰ ከመሐል ወደ ዳር ይወቅራል። ከብረቱ የሚፈናጠረው ስብርባሪ በግራ እጁ ጀርባ ከቆዳው ሥር ገብቶ ቀርቷል፤ እጁን ያየ ሰው በቀለም የተነቀሰ ይመስለዋል።

ድንጋዩን መልሶ ይገለብጣል፣ ቺንጋውን ይሰቅላል፣ ሞተሩን ያስነሣል። ሌላ ባለወፍጮ ቢሆን እዚህ ላይ በሩን ከፍቶ «ተራ ያዙ!» ይላል። ግሪኩ ግን በሩን እንደዘጋ ከገዛ ጎተራው አንድ ጆንያ ስንዴ አውጥቶ ይፈጫል። የሚወጣው ዱቄት ነጭ ነው፤ ለዓይን እንከን የለውም። ቆንጠር አድርጎ በፊት ጥርሶቹ መካከል ያስገባና ይነክሳል። ቅጭ ይላል፤ የድንጋይ ብናኝ አለበት። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ አፉን የሚጉመጠመጠው በዚህ ዱቄት ነው። ጆንያውን በጥቁር ሽቦ አንቆ ያስረዋል። ለሰው አይሆንም፤ ይደፋል።

ከተማው ከግሪኩ ጋር ሆድና ጀርባ የሆነው በዚህ ጆንያ ነው።

የተወለደው ከአፈሩ ድንጋዩ በሚበዛበት ደሴት ላይ ነው። አባቱ በነፋስ የሚዞር ወፍጮ ነበራቸው። ነፋስ ሲጠፋ ቤተሰቡ ይራባል፤ ነፋስ ሲበረታ ወፍጮው ይሰበራል። ድንጋይ መውቀርን እዚያ አባቱን እያየ ተማረ፤ የመጀመሪያውን ዱቄት መድፋትንም። አባቱ ጾማቸውን እያደሩ እንኳ ይደፉት ነበር። ከዚያ ባሕር ማዶ የተሻገረ አጎቱ «ትልቅ መደብር አለኝ፣ ና» ብሎ ላከበት። ላም አለኝ በሰማይ ነበር። መርከብና የጭነት መኪና እየቀያየረ ከተማዋ ሲደርስ መደብሩን በአንድ እጅ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ሆኖ አገኘው፤ በላዩ ሳሙና፣ ክርና የልብስ ቁልፍ።

«ምን ልታደርግ መጣህ?» አለው አጎቱ።

«ና ብለኸኝ።»

«ና ያልኩህ ልትረዳኝ ነው እንጂ ልትበላኝ ነው?»

ሁለቱ ግሪኮች በዚያ ከተማ ውስጥ ሌላ አገራቸውን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር፣ ፊት ለፊት ሲገናኙ መንገድ እየቀየሩ ኖሩ። አጎትየው ሲሞት የቀበረው እሱ ነው። ጠረጴዛውን ግን አልወረሰም፤ አከራዩ ላልተከፈለ ኪራይ ያዘው።

ሥራ ያገኘው ከከተማው ውጭ ባለው የድንጋይ ካባ ነው። እዚያ ድንጋይ ከሚፈልጡት ጋር እየፈለጠ ቋንቋ ተማረ፤ የተማረው ከእነሱ ስለሆነ ከ«እንደምን አደራችሁ» በፊት ስድብ ለመደ። ኋላ ከሰው ጋር በሰላም ሊያወራ ሲሞክር እንኳ ቃሉ የካባ ቃል ነበር። «እባክሽ ጆንያሽን ከመንገድ ላይ አንሺ» ማለት ሲፈልግ «ይህን ሬሳ ከፊቴ ጥረጊው» ይላል። ሴቶቹ ይደነግጣሉ። እሱ ለምን እንደሚደነግጡ አይገባውም፤ ሲገባው ደግሞ ጊዜው አልፏል፤ ስሙ ወጥቷል።

ከተማው ዳር አንድ ወፍጮ ቤት ነበር፤ ሞተሩ ነክሶ ከቆመ ቆይቷል፣ ጣሪያው ላይ እርግብ ሰፍሯል። ባለቤቱ የሚገዛው ሲያጣ ለግሪኩ ሸጠለትና መጠጥ ቤት ገብቶ «ለፈረንጁ የእርግብ ኩስ ሸጥኩለት!» እያለ ሰው አሳቀ። ግሪኩ ሞተሩን ብሎን በብሎን ፈታው፣ በናፍጣ አጥቦ ገጠመው። ቱፍ ቱፍ ሲል የሰማ ሰው ሳቁን ዋጠ፤ ሻጩ ግን «አታለለኝ» ብሎ ማዘጋጃ ቤት ከሰሰው። ከተማው እንደማንኛውም ፈረንጅ «ሙሴ» እያለ በፊቱ ያከብረዋል፣ ዞር ሲል ያማዋል።

ሚስቱን ያገኘው በጭቅጭቅ ነው። ያስፈጨችውን ዱቄት በመዳፏ ይዛ ተመልሳ መጣችና፣ «ይህ ዱቄት ነው ክክ? ለሰው ነው ለበሬ?» አለችው በሰው ፊት።

ግሪኩ ዱቄቱን ነካ ነካ አደረገው። እውነቷን ነበር። በዚያ ከተማ ከኋላው ሳይሆን ፊት ለፊት የሰደበችው የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት፤ እሱም ለዚህ ሲል አገባት። ወንድሟ ዳቦ ጋጋሪው ግን እህቴን ለወፍጮ አልድርም ብሎ እግሩን ተክሎ ነበር። ኋላ እሺ ያለው ዱቄት ተራ ሳይጠብቅ እንደሚፈጭለት ቃል ከተገባለት በኋላ ነው። እናትየው ደግሞ «ልጄን በዚህ ሰው እጅ ብቻዋን አልተውም» ብለው ከነሣጥናቸው መጥተው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ያዙ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግሪኩ ያን ጥቁር ሽቦ ያለውን ጆንያ ተሸክሞ፣ በተሰለፉት ሴቶች ፊት አልፎ፣ ከጓሮው ጉድጓድ ይደፋው ነበር። ያልተናገረ አልነበረም።

«እህል ሲደፋ ሰማይ አያይም?»

«ጥጋብ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!»

አንዷ ከሰልፍ ወጥታ ያዘችው። «ለእኔ ብትሰጠኝ ምን ይጎድልብሃል?»

«ከእኔ አይጎድልም፤ ከአንቺ ግን ጥርስ ይጎድላል» አላት።

ሴትዮዋ ቤቷ ሳትደርስ ወሬው ቀድሟት ደረሰ፦ ሙሴ ዱቄት የለመነችውን ድሃ ጥርስሽን አረግፈዋለሁ አላት። ግሪኩ ሊያስረዳ ሞከረ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ያኔ ነው አማቱ አንድ ቀን ከክፍላቸው ብቅ ብለው፣ ከመጡ ጀምሮ ተናግረውት በማያውቁት ለስላሳ ድምፅ ያናገሩት።

«አንተ ልጅ፣ ለምን በሰው ፊት ትደፋለህ? ጆንያውን ከጓሮ አኑርልኝ። እኔ ማለዳ ሰው ሳይነሣ እደፋልሃለሁ።»

«እማማ፣ ይከብድዎታል።»

«በጣሳ በጣሳ እያደረግሁ ነዋ። ዓይን አያየው፣ አፍ አያወራው።»

ግሪኩ በዚያ ከተማ ደግ ነገር ከተደረገለት ይህ ነው። ለሚስቱ «እናትሽ ወደዱኝ መሰለኝ» አላት። ሚስቱ እናቷን ታውቃለች። እሱ ግን አመነ። ባለሙያ ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ የገዛ ድንጋዩን በጣውላ ይለካል፣ የዘመድ ቃል ግን አይለካም።

ዓመታት በዚህ ሄዱ። ወፍጮ ቤቱ ሰፋ፤ ከጎኑ የዘይት መጭመቂያ ተከለ፣ ለዕቃ ማመላለሻ አሮጌ የጭነት መኪና ገዛ። ከተማው ስንዴውን ከእሱ ሌላ የሚያስፈጭበት ስለሌለው እየጠላው ይመጣል፣ እየመጣ ይጠላዋል። ከዳቦ ቤቱ ዳቦ ላይ አልፎ አልፎ ቅጭ የሚል ነገር ይገኝ ነበር፤ ሰው «ከፈረንጁ ነው» ይልና ያልፈዋል።

ከዚያ የድሮው ድንጋይ አለቀና ግሪኩ አዲስ ጥንድ አስመጣ። አዲስ ድንጋይ ባሕርይው ልጅ ነው፤ እስኪገራ ድረስ ይረግፋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዱቄት አንድ ጆንያ ሳይሆን ብዙ ጆንያ አድርጎ፣ ደቃቅ ጠጠር እንደሞላው፣ ሁሉንም በጥቁር ሽቦ አስሮ ከጓሮ አኖረ። «ደህና አድርገው ይድፉልኝ፣ ይህ መርዝ ነው» አላቸው አማቱን። «እሺ» አሉ።

በዚያው ሳምንት የማዘጋጃ ቤቱ ሹም የቁርስ ዳቦ ሲበሉ መንጋጋ ጥርሳቸው ተሰነጠቀ። ሹሙ ዳቦውን በመሐረብ ጠቅልለው፣ ጉንጫቸውን ይዘው፣ በእግራቸው ወደ ወፍጮ ቤቱ መጡ። ከኋላቸው ሰው ተከትሏል። ሠራተኞቹን አስወጡ፣ በሩን አስዘጉ፣ መቆለፊያውን በሽቦ አስረው በሰም አሸጉት። ከሕዝቡ መካከል አንዱ «ሙሴ ጠጠር!» ብሎ ጮኸ። እስከ ምሳ ሰዓት ከተማው ውስጥ በሌላ ስም የሚጠራው አልተገኘም። ወፍጮ ቤቱም «ጠጠር ቤት» ሆነ።

ግሪኩ ቤቱ ገብቶ ከራሱ የዱቄት ዕቃ ቆንጥሮ ነከሰ። አንዲት ቅንጣት ቅጭ አላለችም። እንደገና ነከሰ። ንጹሕ ነው።

«ይዘጋ፣ ግድ የለም» አላት ሚስቱን። «ድንጋይ ካባ እመለሳለሁ። ግን ይህ ስም! ዱቄቴ የማላውቀው ሰው አፍ ውስጥ ነው የሚገባው። ባለወፍጮ ከስሙ ሌላ ምን አለው?»

ተነሥቶ ዳቦ ቤት ሄደ። አማቹ ክንዱ ድረስ ሊጥ ነክቶት ከምድጃው ፊት ቆሟል።

«ለአንተ ዳቦ የለኝም፣ አማቼ» አለው። «ጠጠርህን ብላ።»

የግሪኩ ዓይን ከምድጃው በላይ ተተክሎ ቀርቷል። የመጋገሪያ ቆርቆሮዎቹ በሙሉ ግድግዳው ላይ በጥቁር ሽቦ ተንጠልጥለዋል። ያንን ሽቦ እሱ ራሱ ጎማ እያቃጠለ ነው የሚያወጣው፤ ጥላሸቱ ከእጅ ስለማይለቅ ሌላ ሰው አይነካውም። አንዱን ከነቆርቆሮው መንጭቆ አወረደው።

«ይህ ከየት መጣ?»

«ከመሬት አገኘሁት።»

«ከመሬት ነው ከእናትህ?»

ዳቦ ጋጋሪው የምድጃውን ረጅም አካፋ አነሣ። ግሪኩ ሽቦውን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ነገሩ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ታየ። ከሳሹ ሹሙ፣ ዳኛውም ሹሙ። ጉንጫቸው እንደ ድንች አብጧል። ወንበር ስላልበቃ ሰው በመስኮት ቆሟል።

«ከዱቄት ላይ አሸዋ ትቀላቅላለህ ይባላል» አሉ ሹሙ።

«አልቀላቅልም።»

«ታዲያ ጥርሴን ማን ሰበረው? ዳቦው ተነሥቶ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ግሪኩ ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«በዚህ ሽቦ የማስረው የሚደፋውን ዱቄት ብቻ ነው። ያገኘሁት ግን ዳቦ ቤት፣ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ነው። የደፋሁትን እያነሣ ሲጋግር ኖሯል። ይጠየቅልኝ!»

«ሽቦ አገር ሙሉ ነው» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ደግሞ አማች ነኝ፤ አማቹን የሚከስ ሰው ታያላችሁ?»

«ወይ ጉድ! ሥጋውን!» አለ አንድ ሰው ከመስኮት።

ያኔ ከኋላ ወንበር አማቱ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሰው እየገፉ፣ ፊት ድረስ መጡ።

«ልጄን ተወው። የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ሚስትየው ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ግሪኩ አሁን አለቀ አለ በልቡ፤ አሁን ሁሉም ዞሮ ይቅርታ ይለኛል።

«ጠጠር አለበት ብዬ ነግሬዎት አልነበረም?» አላቸው።

«ነግረኸኛል! አንተ የማትነግረኝ ምን አለ? ውሃው ቀጠነ፣ ጨው በዛ፣ በሩ ይዘጋ፣ መብራቱ ይጥፋ። ከዚህ ሁሉ የትኛውን ልመን? ዱቄቱን አየሁት፤ ነጭ ነው። ነፋሁት፤ ወረደ። በሕይወቴ እህል ደፍቼ አላውቅም፣ እጄ ይቆረጣል እንጂ አልደፋም!» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እናንተ ብትሆኑ ትደፉ ነበር?»

«አንደፋም!» አለ አዳራሹ በአንድ አፍ።

እውነቱ ወጥቷል፤ ሁሉም ሰምቷል። ግን ማንም የጠጠሩን ነገር አላነሣም። የሚነሣው የጉድጓዱ ነገር ሆነ።

«ባይደፋ ኖሮ እሳቸው አይወስዱም ነበር!»

«ጥፋቱስ የደፊው ነው!»

ግሪኩ በገዛ ቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ። የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ያልገባው ሰው ግን አልነበረም።

ሹሙ ተጨነቁ። ወፍጮው ከታሸገ ጀምሮ የከተማው ዱቄት አልቋል፤ የገዛ ቤታቸው ማጀትም ባዶ ነው። ሊከፍቱት ይፈልጋሉ፣ እንዳይሸነፉ ደግሞ ይፈልጋሉ።

«ይኸውልህ፣ ወፍጮህ ይከፈታል። ከእንግዲህ ግን አንድ እፍኝ ዱቄት አትደፋም።»

«እንግዲያው እንደታሸገ ይቆይ» አለ ግሪኩ። «ሳልደፋ አልፈጭም።»

«እልኸኛ! ድንጋይ!»

«ጠጠር የሚበላው ዶሮ ነው!» አለ አንድ ጋሪ ነጂ ከበሩ ላይ። «ሙሴ ዶሮ ያርባ፣ ኩኩ ይበል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሹሙም በደህናው ጉንጫቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ ብሎ ቆመ፤ ዶሮ እኮ እውነትም ጠጠር ትለቅማለች። ጠረጴዛውን መቱ።

«ተወስኗል። የመጀመሪያው ዱቄት አይደፋም፣ ሰውም አይበላውም። ለዶሮ ነው። ዶሮዎቹን አማትህ ያረባሉ፤ ሂዱ፣ ጨርሰናል።»

ሰው መነሣት ጀመረ። ግሪኩ አልተነሣም።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ቀርቷል። ግሪኩ አሸዋ አልቀላቀለም በሉ። ሕዝቡ ሳይበተን።»

«ወፍጮህ ተከፈተልህ አይደል?»

«ይበሉልኝ።»

«ሰውዬ፣ ጥርሴን እያመመኝ ነው» አሉ ሹሙና ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

ይህ ከሆነ ብዙ ጊዜው ነው። ግሪኩ አሁን ፀጉሩ ከዱቄቱ አይለይም፤ ሁለተኛ ወፍጮ ተክሏል፣ መኪናውም አንድ አይደለም፣ ሠራተኞቹ የግማሹን ሠፈር ቤት ያኖራሉ። አማቱ ከጓሮው የዶሮ መንጋ አላቸው፤ ዶሮዎቹ በዚያ ዱቄት ወፍረው ሲራመዱ ይወዛወዛሉ። እንቁላሉን ለከተማው ሁሉ ይሸጣሉ። ለግሪኩ ግን አይሸጡም። እሱ እንቁላል ሲያምረው ሚስቱን ገበያ ይልካል፤ ሚስቱ የእናቷን እንቁላል ከቸርቻሪ ገዝታ ትመለሳለች። በአንድ ግቢ እየኖሩ ከዚያ አዳራሽ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ዶሮ ሲቆጣ ብቻ እሳቸው «ኧረ ያንን ሰው ከጫጩቶቼ አርቁልኝ» ይላሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ።

ዳቦ ጋጋሪው እስከ ዛሬ ዱቄቱን ከእሱ ያስፈጫል። ዳቦ ሲሸጥ ታዲያ «ነፍቼዋለሁ፤ ከጠጠር ቤት ስለሆነ» ይላል። ደንበኛው ይስቃል። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆች ነገሩን አያውቁትም፤ ስሙን ግን ያውቁታል። ስም ከባለቤቱ ይልቅ ዕድሜ አለው።

ይህን ታሪክ እንጻፈው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግሪኩ መዶሻውን እየሳለ ነበር። ቀና አላለም። ለሚያነበው ሰው አንድ አደራ አለኝ፣ እሷን ካልጻፋችሁ ሌላውንም ተዉት አለ። አደራው ይህ ነው፦

«መንገድ ጥሎህ ወደዚህ ከተማ ብትመጣ ‹ጠጠር ቤት የት ነው?› ብለህ አትጠይቅ። ‹የግሪኩ ወፍጮ የት ነው?› በል። አናውቅም ይሉሃል፤ ያውቃሉ። ይስቁብሃል፤ ተዋቸው። ጮክ ብለህ ድገመው። ‹ጠጠር ቤት ነው እንዴ?› ካሉህ ‹አይደለም› በላቸው፤ የፈለግኸውን ያህል ጠፍተህ ብትዞር ይሻላል እንጂ፣ እባክህ፣ በዚያ ስም ተመርተህ ደጄ አትምጣ።»